ሲኦል፣ ገሃነም፣ ሁለተኛ ሞት፦ ሦስቱን የክርስቲያኖች አመለካከቶች እንዴት እናመዛዝን?

የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ የገሃነም ነገር ሲነሳ ጨዋታው ወዲያው ይከርራል። አንዱ «ዘላለም የሚነድ እሳት ነው፣ ሌላ ምን ትርጉም ያስፈልገዋል?» ይላል። ሌላው «ኃጢአተኛ ይጠፋል እንጂ ማለቂያ የሌለው ሥቃይ የለም» ብሎ ይመልሳል። ሌላው ደግሞ ቀስ ብሎ «እግዚአብሔር በመጨረሻ ሁሉንም ወደ ራሱ አይመልስም ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስቱም ጥቅስ ይዘው ነው የሚመጡት። ሦስቱም ከጥንት ጀምሮ በክርስቲያኖች መካከል ተናጋሪ ነበራቸው።

ይህን የምጽፈው ከሦስቱ የትኛው ይበልጥ ቅዱሳት መጻሕፍትን እንደሚከተል ለራሳቸው መለየት ለሚፈልጉ ነው። አካሄዴ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ አመለካከት የሚመካበት ጥቅስ አለው፤ የሚያስጨንቀው ጥቅስም አለው። የሚመካበትን ብቻ ካነበብን ሦስቱም ትክክል ይመስሉናል። ስለዚህ እያንዳንዱን በሚያስጨንቀው ጥቅስ ፊት አቁመን መልሱን እንስማ። (ከአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ዕትም በቀር፣ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቅድሚያ፦ ስለ ሲኦል ነው ወይስ ስለ ገሃነም የምናወራው?

ግማሹ ክርክር የሚፈጠረው ሁለቱ ስለሚምታቱ ነው። በ1611 የወጣው የእንግሊዞች የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ሁለቱንም በብዙ ቦታ በአንድ ቃል ጠርቷቸዋል። የእኛ የ1954ቱ አማርኛ ግን በአዲስ ኪዳን «ሲኦል»ን ከ«ገሃነም» ለይቶ አስቀምጧል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ብንጠቀምበት።

ሲኦል በዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን 65 ጊዜ ተጠቅሷል። የሙታን ሁሉ መውረጃ ነው። ያዕቆብ ዮሴፍ የሞተ ሲመስለው እያዘነ ወደ ሲኦል እንደሚወርድ ተናገረ። ኢዮብ መከራው ሲበዛበት እግዚአብሔር በሲኦል እንዲሰውረው ተመኘ። ጻድቅ የሆነው ኢዮብ የዘላለም ቅጣትን ይመኛል ማለት አይቻልም። ሲኦል እዚህ ጋ የሙታን ስፍራ ነው።

በሉቃስ 16 ያለው ባለጸጋም፣ በእኛ አገር ነዌ የምንለው፣ ያለው በሲኦል ነው። አምስት ወንድሞቹ ገና በሕይወት ናቸው፤ አልዓዛር ተልኮ እንዲያስጠነቅቅለት የለመነው ለእነሱ ነው። ስለዚህ ታሪኩ ከመጨረሻው ፍርድ በፊት የሚሆን ነው። ራእይ 20፥14 ደግሞ ሞትና ሲኦል ራሳቸው ወደ እሳት ባሕር እንደሚጣሉ ይናገራል። ሲኦል መጨረሻ አለው ማለት ነው። የነዌን ታሪክ ለመጨረሻው ገሃነም ዋና ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርብ ሰው፣ የየትኛውም አመለካከት ደጋፊ ይሁን፣ ምዕራፉን ከቦታው አንሥቶታል።

በተዋሕዶ ትምህርት ይህ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። አዳምና ልጆቹ 5500 ዘመን በሲኦል ቆዩ፤ ክርስቶስ በዕለተ ዓርብ በነፍሱ ወርዶ ነጻ አወጣቸው። በፋሲካ «አግዐዞ ለአዳም» ስንል የምናበሥረው ይህንን ነው። መጽሐፈ ሄኖክም ምዕራፍ 22 ላይ የሙታን ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን የሚጠበቁባቸውን ጥልቅ ስፍራዎች ያሳያል፤ ምዕራፍ 27 ላይ ደግሞ ለተረገሙት የተዘጋጀውን ሸለቆ ለብቻው ያነሳል። ማቆያው ሌላ፣ ፍርዱ ሌላ።

ገሃነም በአዲስ ኪዳን የተጠቀሰው 12 ጊዜ ብቻ ነው። 11ዱ ከጌታ አንደበት የወጡ ናቸው፤ አንዱ በያዕቆብ 3፥6 ስለ አንደበት የተጻፈው ነው። ጳውሎስ በመልእክቶቹ አንድም ጊዜ ገሃነም አላለም። በሐዋርያት ሥራ ውስጥ ባሉት ስብከቶችም የለም። የስሙ ምንጭ ከኢየሩሳሌም በስተ ደቡብ ያለው የሄኖም ልጅ ሸለቆ ነው። አካዝና ምናሴ ልጆቻቸውን በእሳት ያሳለፉት እዚያ ነው። ኢዮስያስ ስፍራውን አረከሰው። ኤርምያስ ምዕራፍ 7 ላይ «የእርድ ሸለቆ» እንደሚባልና ሬሳ መቅበሪያ እስኪጠፋ እንደሚሞላ ተነበየ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላርም። «ገሃነም የኢየሩሳሌም ቆሻሻ መጣያ ነበር፤ ሌት ተቀን ይነድ ነበር» የሚለውን ከመድረክ ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ይህ ወሬ በጽሑፍ የሚገኘው በ1200 ገደማ ከኖረው አይሁዳዊ ሊቅ ከዳዊት ቂምሒ ነው። ከጌታ ዘመን ከሺህ ዓመት በላይ ይርቃል። በመጽሐፍ ቅዱስም የለም። የሸለቆው ስም አስፈሪ የሆነው በእነዚያ ሕፃናት ደምና በኤርምያስ ትንቢት ነው። ያ ብቻ ይበቃል።

አንደኛ፦ ማለቂያ የሌለው ቅጣት

አብዛኛው ክርስቲያን በአብዛኛው ዘመን የያዘው ይህንን ነው። ተዋሕዶም፣ ካቶሊክም፣ አብዛኞቹ ወንጌላውያንም እዚህ ላይ አንድ ናቸው። ሉተራውያን በ1530 ባወጡት የአውግስበርግ መግለጫ 17ኛ አንቀጽ ላይ የኵነኔ ቅጣት ማብቂያ አለው የሚሉትን በግልጽ ተቃውመዋል። መካነ ኢየሱስ የዚህ ቤተሰብ ናት።

ዋናው ምሰሶ ማቴዎስ 25፥46 ነው። «እነዚያም ወደ ዘላለም ቅጣት፥ ጻድቃን ግን ወደ ዘላለም ሕይወት ይሄዳሉ።» አውግስጢኖስ ከ1600 ዓመት በፊት ያነሳው ክርክር ዛሬም ጉልበቱን አላጣም። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለው «ዘላለም» ለጻድቃን ማለቂያ የሌለው ከሆነ፣ ለኃጥኣን ማለቂያ ያለው ሊሆን አይችልም። የአንዱን ካሳጠራችሁ የሌላውንም ማሳጠራችሁ ነው። ራእይ 14፥11 ይህንን ያጠናክራል፤ የሥቃያቸው ጢስ ለዘላለም እስከ ዘላለም ይወጣል፣ ቀንና ሌሊትም ዕረፍት የላቸውም።

እዚህ አመለካከት ውስጥ ያለ ሰው እሳቱን ሁሉ ቃል በቃል መውሰድ አለበት ማለት ግን አይደለም። ካልቪን እሳቱን ምሳሌያዊ አነጋገር አድርጎ ነው የተረዳው። ጌታ ራሱ አንዴ እሳት አለ፣ አንዴ በውጭ ያለ ጨለማ አለ። ሁለቱ በአንድ ቦታ ቃል በቃል አብረው አይሄዱም። የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስም በ1999 ባስተማሩት ትምህርት ገሃነም ከቦታነቱ ይልቅ ራሱን በፈቃዱ ከእግዚአብሔር የለየ ሰው ያለበት ሁኔታ መሆኑን አጉልተዋል። ሥቃዩ ምሳሌ ነው ማለታቸው አልነበረም። ምሳሌው የሚያመለክተው ነገር ከምሳሌው ሊከብድ ይችላል።

ይህን አመለካከት የሚያስጨንቁት ጥቅሶች «መጥፋት» እና «ሞት» የሚሉት ናቸው። ብዙ ናቸው። ማቴዎስ 10፥28 ላይ ጌታ «ነፍስንም ሥጋንም በገሃነም ሊያጠፋ የሚቻለውን ፍሩ» አለ። የኃጢአት ደመወዝ ሞት ነው ይላል ጳውሎስ። መልሳቸው፦ «ጠፋ» ማለት ሁልጊዜ ከመኖር ቀረ ማለት አይደለም። የጠፋው በግ በሕይወት ነበር፤ የጠፋው ልጅም እንዲሁ። ይህ መልስ ጥሩ ነው። በሚልክያስ 4 ላይ እንደ ገለባ ተቃጥለው ከእግር በታች አመድ የሚሆኑትን ግን የጠፋው በግ አያስረዳልንም። እዚያ ላይ ጥያቄው ክፍት ሆኖ ይቆያል።

ሌላው ጭንቀት ከጥቅስ ይልቅ ከፍትሕ የሚነሳ ነው። የሰባ ዓመት ኃጢአት ማለቂያ የሌለው ቅጣት እንዴት ይገባዋል? በ11ኛው መቶ ዘመን አንሰልም የከንተርበሪው የሰጠው መልስ «በደሉ የሚለካው በተበደለው ክብር ነው» የሚል ነበር። ሌሎች ደግሞ ኃጢአተኛው እዚያም ሆኖ ከማመፅ ስለማያቆም ነው ይላሉ። ለእኔ ሁለተኛው ይበልጥ ያሳምነኛል፤ የመጀመሪያው ከመጽሐፍ ቅዱስ ይልቅ የንጉሥ ቤት ሕግ ይሸተዋል።

ሁለተኛ፦ ኃጥኣን ይጠፋሉ

ይህን አመለካከት የሚሰሙ ሰዎች ወዲያው «የአድቬንቲስት ትምህርት ነው» ወይም «የይሖዋ ምስክሮች ነው» ብለው ያልፉታል። እውነት ነው፣ በአገራችን በግልጽ የሚያስተምሩት እነሱ ናቸው። ግን እዚያ አያበቃም። አርኖቢየስ የተባለ የሰሜን አፍሪካ ክርስቲያን በ4ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጽፎታል። በ1982 አሜሪካዊው ኤድዋርድ ፈጅ ሰፊ ጥናት አወጣበት። በ1988 ደግሞ ጆን ስቶት፣ በወንጌላውያን ዓለም እጅግ የተከበረው እንግሊዛዊ ቄስ፣ ወደዚህ እንደሚያዘነብል ጻፈ። በእርግጠኝነት አላለም፤ ወንጌላውያን በግልጽ እንዲወያዩበት ለመነ እንጂ። በ1995 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የትምህርት ኮሚሽንም ወደዚሁ ያዘነበለ ሰነድ አወጣ።

ሐሳቡ ይህ ነው። አለመሞት የእግዚአብሔር ብቻ ነው (1 ጢሞ. 6፥16)። ለሰው የሚሰጠው በክርስቶስ ነው። ያልተቀበለው ሰው ይነሳል፣ ይፈረድበታል፣ እንደ በደሉ ይቀጣል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። «ፍርድ የለም» አይሉም። «ቅጣቱ ውጤቱ ዘላለማዊ ነው፣ አይመለስም» ነው የሚሉት። ዕብራውያን 9፥12 የዘላለም ቤዛነት ሲል የመቤዠቱ ሥራ ሳያቋርጥ ይቀጥላል ማለት እንዳልሆነ ያስታውሱናል። ሰዶምም በይሁዳ 7 ላይ በዘላለም እሳት እንደ ተቀጣች ተጽፏል፤ እሳቱ ግን ዛሬ አይነድም። 2 ጴጥሮስ 2፥6 ከተሞቹ አመድ እንደ ሆኑ ይነግረናል፣ ያውም ለሚመጡት ኃጥኣን ምሳሌ እንዲሆኑ።

አሁን በጣም ወደማከብረው ክርክር ልግባ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የመጽሐፍ ቅዱሳችን የመጻሕፍት ቁጥር ራሱ ልዩነት ያመጣል።

ማርቆስ 9፥48 «ትላቸው የማይሞትበት እሳቱም የማይጠፋበት» ይላል። ጌታ ይህን ከኢሳይያስ የመጨረሻ ቁጥር፣ ከ66፥24 ነው የወሰደው። ከፍታችሁ አንብቡት። እዚያ ያሉት ሬሳዎች ናቸው። ከከተማ የወጡ ሰዎች በእግዚአብሔር ላይ ያመፁትን ሬሳ ያያሉ፤ ትሉ አይሞትም፣ እሳቱ አይጠፋም። ሬሳ አይሠቃይም። ትሉና እሳቱ የማይቋረጡት ሥራቸውን እስኪጨርሱ ማንም ስለማያስቆማቸው ነው። የሁለተኛው አመለካከት ሰዎች እዚህ ላይ ጠንካራ መሬት ረግጠዋል።

ግን መጽሐፈ ዮዲት አለ። በምዕራፍ 16 በዮዲት መዝሙር መጨረሻ ላይ ያው ምስል ተመልሶ ይመጣል። እግዚአብሔር በፍርድ ቀን በሕዝቡ ላይ በተነሱት ሥጋ ውስጥ እሳትና ትል ይሰድዳል፤ እነሱም እየተሰማቸው ለዘላለም ያለቅሳሉ። የኢሳይያስ ሬሳ ዮዲት ላይ ሲደርስ ስሜት ያለው ሆኗል። ከጌታ ልደት በፊት የኢሳይያስን ምስል ማለቂያ ለሌለው ሥቃይ የተጠቀሙበት አይሁድ ነበሩ ማለት ነው። የጌታ ሰሚዎች ቃሉን በየትኛው መንገድ ይሰሙት ነበር?

66 መጻሕፍት ይዞ የሚያነብ ወንጌላዊ ዮዲትን እንደ ታሪክ ማስረጃ ብቻ ያያታል። 81 መጻሕፍት የተቀበለ የተዋሕዶ አማኝ ግን ዮዲት ቅዱስ መጽሐፉ ናት። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች በዚህ ጥያቄ ላይ እኩል ማስረጃ ይዘው አይከራከሩም። ይህን ሳያውቁ ሲከራከሩ እርስ በርስ «መጽሐፍ አታነብም እንዴ?» ይባባላሉ። ሁለቱም ያነባሉ።

ሁለተኛውን አመለካከት በእውነት የሚያስጨንቀው ራእይ 14፥11 ነው። «ጢሱ ለዘላለም ይወጣል» ለሚለው መልስ አላቸው፤ ኢሳይያስ 34፥10 ስለ ኤዶምያስ ምድር ያንኑ ይላልና ኤዶምያስ ዛሬ አትነድም። ጥሩ። ግን ቀንና ሌሊት ዕረፍት የላቸውም የሚለውስ? ዕረፍት ማጣት የሚችለው ያለ ሰው ነው። ራእይ 20፥10ም ዲያብሎስ ለዘላለም እስከ ዘላለም እንደሚሠቃይ ይናገራል። «እሱ ስለ ዲያብሎስ ነው፤ ሰዎች በቁጥር 15 የሚጣሉበትን የእሳት ባሕር ቁጥር 14 ሁለተኛ ሞት ይለዋል» ብለው ይመልሳሉ። መልሱ ይሆናል። ግን ጠባብ ነው።

ሦስተኛ፦ በመጨረሻ ሁሉም ይመለሳል

እዚህ ላይ ያሉት ጥቅሶች ከሚገመተው በላይ ብዙ ናቸው። «ሁሉ በአዳም እንደሚሞቱ እንዲሁ ሁሉ በክርስቶስ ደግሞ ሕያዋን ይሆናሉና» (1 ቆሮ. 15፥22)። በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 28 እግዚአብሔር ሁሉ በሁሉ ይሆናል ይላል። ሮሜ 5፥18፣ ቆላስይስ 1፥20፣ ፊልጵስዩስ 2፥10 ይከተላሉ። ራእይ ራሱ ከእሳቱ ባሕር በኋላ የአዲሲቱ ኢየሩሳሌም ደጆች ከቶ እንደማይዘጉ ይናገራል። ታዲያ ለማን ነው የተከፈቱት?

በ3ኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያው ኦሪጀን ይህን ተስፋ አስተማረ። ለእሱ እሳቱ ሐኪም ነው፤ ቅጣቱ ያነጻል እንጂ አያስቀርም። የቅዱስ ባስልዮስ ወንድም ጎርጎርዮስ ዘኑሲስም በዚሁ መንገድ ጽፏል። ኦሪጀን በ400 በእስክንድርያው ፓትርያርክ በቴዎፍሎስ ዘንድ ተወገዘ፤ በ543 ንጉሥ ዮስጢንያኖስ አወገዘው፤ በ553 ቁስጥንጥንያ ላይ ከተደረገው ጉባኤ ጋርም ውግዘቱ ይያያዛል። ጎርጎርዮስ ግን አልተወገዘም፤ ቅዱስ ሆኖ ቀረ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን የምትቀበለው የኒቅያን፣ የቁስጥንጥንያንና የኤፌሶንን ሦስት ጉባኤያት ብቻ ስለሆነ የ553ቱ አይመለከታትም። ይሁን እንጂ «ሁሉም ይድናል» የሚለውን እሷም እንደ ትምህርት አትቀበልም።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚነሳ ሰው ማር ይስሐቅ ነው፤ በእኛ ገዳማት ከሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ በስሙ የሚጠራለት የ7ኛው መቶ ዘመን የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ። በገሃነም ያሉት በፍቅር ጅራፍ እንደሚገረፉ ጽፏል። እግዚአብሔር ኃጢአተኛን መውደድ አያቆምም፤ የሚያቃጥለው ያንን ፍቅር በድያለሁ የሚለው ጸጸት ነው። በ1983 በኦክስፎርድ የታወቀው የሱርስት ድርሳኑ ሁለተኛ ክፍል ተስፋውን ከዚህም በላይ ገልጦታል።

የእኛ ግዕዝ እዚህ ታሪክ ውስጥ ሌላም ድርሻ አለው። በ2ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው ራእየ ጴጥሮስ፣ የኃጥኣንን ቅጣት በዓይነት በዓይነቱ የሚዘረዝር ጥንታዊ ድርሰት ነው። በግሪክ ቁርጥራጩ ብቻ ሲቀር፣ ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ነው። የሚገርመው፣ ይኸው አስፈሪ መጽሐፍ በአንድ የግሪክ ቁራጭ ላይ ጻድቃን ከቅጣት እንዲወጡላቸው የለመኗቸው እንደሚሰጧቸው ይናገራል። ፍርሃቱና ምሕረቱ በአንድ ብራና ላይ ተጽፈው ነበር።

አሁን ወደሚያስጨንቀው ጥቅስ። ማቴዎስ 25፥46ን ሲጠየቁ «ዘላለም» የተባለው የሚመጣው ዘመን ቅጣት ማለት ነው ይላሉ። ያኔ የአውግስጢኖስ ጥያቄ ይጠብቃቸዋል። ከዚያም ጌታን አሳልፎ የሰጠው ይሁዳ አለ። ጌታ «ያ ሰው ባልተወለደ ለእርሱ በተሻለው ነበር» ብሏል። ከብዙ ዘመን በኋላም ቢሆን ወደ ዘላለም ደስታ የሚገባ ሰው መወለዱ ይሻለዋል። እዚህ ላይ አጥጋቢ መልስ ገና አላነበብኩም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንለይ። «ሁሉም ይድናል» ብሎ ማስተማር አንድ ነገር ነው። «ሁሉም ይድን ዘንድ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እጸልያለሁ» ማለት ሌላ ነው። የስዊሱ ካቶሊክ ሊቅ ሃንስ ኡርስ ፎን ባልታዛር የተሟገተው ለሁለተኛው ነው። 1 ጢሞቴዎስ 2፥4 እግዚአብሔር ሰዎች ሁሉ እንዲድኑ እንደሚወድ ከተናገረ፣ እሱ የሚወደውን ተስፋ ማድረግ ኃጢአት አይሆንም።

ስለ ሙታን መጸለይስ?

ይህ አራተኛ አመለካከት አይደለም፤ ጥያቄው ሌላ ነው። ሦስቱ አመለካከቶች የሚነጋገሩት ከመጨረሻው ፍርድ በኋላ ስለሚሆነው ነው። ፍትሐትና ተዝካር የሚመለከቱት ከሞት እስከ ፍርድ ያለውን ጊዜ ነው።

ካቶሊኮች መካነ ንጽሕ የሚሉትን፣ ነፍሳት ከሞት በኋላ ይነጹበታል የሚሉትን፣ በ1274 በሊዮን፣ በ1439 በፍሎረንስ ጉባኤያት ደንግገዋል። ማስረጃቸው 2 መቃብያን 12 ነው። የተዋሕዶ አንባቢ እዚህ ላይ ይጠንቀቅ፤ በእኛ ያሉት መጻሕፍተ መቃብያን ስማቸው ቢመሳሰልም ይዘታቸው ፈጽሞ ሌላ ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን መካነ ንጽሕን አትቀበልም። ግን ትጸልያለች። በ3፣ በ7፣ በ12፣ በ30፣ በ40፣ በ80 ቀን፣ በ6 ወርና በዓመት። ጳውሎስም በ2 ጢሞቴዎስ 1፥18 ስለ ሄኔሲፎሩ «በዚያን ቀን ምሕረትን ያግኝ» ብሎ ሲለምን ብዙዎች ሰውየው ሞቶ ነበር ብለው ይረዱታል።

በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የተሳለው በላዔ ሰብእም የሚናገረው ይህንኑ ምሕረት ነው። 78 ሰው የበላ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ሚዛኑ ተደፋለት።

ወንጌላውያን ወንድሞቻችን ዕብራውያን 9፥27ን ያነሳሉ፤ ለሰው አንድ ጊዜ መሞት ከዚያም ፍርድ ተመድቦበታል። ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው። ግን ጥቅሱ በሞትና በፍርድ መካከል ያለውን ጊዜ አይዘረዝርም። እዚህ ላይ ለየቤተ ክርስቲያናችሁ ትምህርት መታመን ይሻላል እላለሁ። ለቅሶ ቤት ላይ የሌላውን ጸሎት መንቀፍ ግን ከምንም ነገር በላይ ያሳዝነኛል። ሐዘንተኛ እናት ፊት ስለ ልጇ መጨረሻ በልበ ሙሉነት የሚፈርድ ሰው የትኛውንም ጥቅስ አልተከተለም።

እንግዲህ የቱን?

የእኔን ልናገር። ሦስተኛውን እንደ ትምህርት አልቀበልም፤ ማቴዎስ 25ና የይሁዳ ነገር ይከለክሉኛል። እንደ ጸሎት ግን እይዘዋለሁ። በቀሩት ሁለቱ መካከል ወደ መጀመሪያው አደላለሁ፤ ራእይ 14፥11ና ዮዲት ያመዝኑብኛል። ዮዲትን እንደ ቅዱስ መጽሐፍ የማይቆጥር ሰው ሁለተኛውን ቢመርጥ ከሃዲ አልለውም። ጸሎተ ሃይማኖታችን፣ በ325 ኒቅያ ላይ የተጻፈውና በ381 የተሟላው፣ ጌታ በሕያዋንና በሙታን ሊፈርድ እንደሚመጣ ይናገራል፤ ስለ እሳቱ ዓይነት ግን ምንም አይልም። አባቶች ለሁሉም ክርስቲያን የግድ ያደረጉት እስከዚያ ድረስ ነው።

ስትመርጡ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛው፣ «ይከብደኛል» የሚለው ስሜት ብቻውን አይበቃም፤ «ሌላው እንዲፈራ ይጠቅማል» የሚለውም አይበቃም። ብዙ ሰባኪ የመጀመሪያውን አመለካከት የሚይዘው ለማስፈራሪያ ስለሚመች ነው። ሕፃናት ሌሊት እስኪባንኑ ድረስ በገሃነም ማስፈራራት ከየትኛው ሐዋርያ የተማርነው ነው?

ሁለተኛው፣ ጌታ ገሃነምን ለማን እንደ ተናገረ ተመልከቱ። 11ዱንም ቦታ አንድ በአንድ ክፈቱ፦ ማቴዎስ 5፥22፣ 29 እና 30፤ 10፥28፤ 18፥9፤ 23፥15 እና 33፤ ማርቆስ 9፥43፣ 45 እና 47፤ ሉቃስ 12፥5። የተነገረው ለደቀ መዛሙርቱ ወይም ለጸሐፍትና ለፈሪሳውያን ነው። ለቀራጭ፣ ለሳምራዊት ሴት፣ ለሮማዊው መቶ አለቃ «ገሃነም ትገባለህ» አላለም። የተናገረው ወንድሙን ለሚሰድበው፣ ታናናሾችን ለሚያሰናክለው፣ መጽሐፍ አዋቂ ሆኖ ሌላውን ለሚያስትው ነው። ማቴዎስ 25 ላይም ወደ ዘላለም ቅጣት የሚሄዱት የተራበውን ያላበሉ፣ እንግዳውን ያልተቀበሉ፣ እስረኛውን ያልጠየቁ ናቸው። ከሦስቱ የትኛውንም ብትመርጡ ይህ ምዕራፍ አይለወጥም።

ንባቡን ለመጀመር ለምትፈልጉ፣ ከራእይ አትጀምሩ። ኤርምያስ 7ና ኢሳይያስ 34ን አስቀድሙ። ከዚያ ኢሳይያስ 66፣ ካላችሁም ዮዲት 16ና ሄኖክ 22። ቀጥላችሁ ማቴዎስ 10ና 25፣ ሉቃስ 16፣ 1 ቆሮንቶስ 15። ራእይ 14ንና ከ20 እስከ 22 ያለውን መጨረሻ ላይ አንብቡት። ዮሐንስ የሚጠቀምባቸው ምስሎች ከእነዚያ ነቢያት የመጡ ስለሆኑ፣ ያኔ እያንዳንዱን ምስል ከየት እንዳመጣው ታውቃላችሁ። ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችሁ ወይም ለቤተ ክርስቲያናችሁ አገልጋይ የምታቀርቡት ጥያቄም ያኔ ይጠራል፦ «አባ፣ የምናስተምረው ትምህርት ራእይ 14፥11ን እንዴት ይፈታዋል? ማቴዎስ 10፥28ንስ?»